ያልነካሁት እግር

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? አባባስ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ ወይስ አሁንም ምላሳቸው ሥር ይደብቃሉ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ሆዴ ግን በቅናት ሲጤስ ከርሟል፤ ካንቺ የምደብቀው የለኝም።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ኃላፊነት አለቃችን ለእኔ ሊሰጡኝ ሰው ፊት ቃል ገብተው ነበር። አራት ዓመት የሰው ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ሳሽ ኖሬ፣ ወንበሩ ከተቀጠረች ዓመት ላልሞላት ለሳቂታዋ ተሰጠ። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሷ ስትስቅ ሐኪሙም በሽተኛውም ዘበኛውም አብሯት ይስቃል። እኔ ስስቅ ግን ምን ሆንሽ ነው የምባለው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃ ላይ እግሯ ተጠመዘዘ። እያነከሰች መጥታ፣ "ያንቺን እጅ ነው የማምነው" አለችኝ። አስተኛኋት፤ በአንድ እጄ ቅልጥሟን ይዤ በሌላው ተረከዟን ወደ ፊት ሳብኩ። ማቆሚያ እንደሌለው መሳቢያ ተንሸራቶ መጣልኝ። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ስድስት ሳምንት ትረፍ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ሲጽፍ ልቤ ደስ ብሎት ነበር፣ እትዬ። በማግስቱ በተወካይነት ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። አለቃችንም ሥራው ከሠመረልሽ በዚያው ትቀሪያለሽ አሉኝ።

ለተለማማጆች ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው ጤነኛው እግር ነው። መገጣጠሚያው ከተፈጥሮው ልል የሆነ ሰው ስላለ፣ የተጎዳው የሚመዘነው በጤነኛው ነው። እኔ ያን ቀን ጤነኛውን አልነካሁትም።

ባለፈው ሐሙስ ፋሻ ልታስቀይር መጥታ እያወራችኝ፣ ሳታስበው አውራ ጣቷን አጥፋ ክንዷ ላይ አስተኛችው። ክው አልኩ፤ ጣቱ እንዲህ የሚታጠፍለት መገጣጠሚያው ከተፈጥሮው ልል የሆነ ሰው ነው። የሌላኛውን እግሯን ጫማ አስወልቄ ሳብኩት። እሱም ያንኑ ያህል ተንሸራተተ። የተጎዳውን ደገምኩት፤ ልዩነት የላቸውም። ለካ የተበጠሰ ነገር አልነበረም፤ ወለምታ ነበር፣ እሱም ድኗል። ተረከዟ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ አስቤያለሁ። አልዋሽሽም።

"ምን አገኘሽ?" አለችኝ።

"አልተበጠሰም። ያን ቀን ይሄኛውን እግርሽን አላየሁትም" አልኳት። ሳትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ወረቀት ይዤ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። አንዱ ስህተቴን የሚያርም ነው፤ ሌላው ወንበሩ ያለ ውድድር ስለ መሰጠቱ ያቀረብኩት አቤቱታ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ባጠፋሽበት ቀን ክስ ታቀርቢያለሽ እንዴ፣ ይሄን አቤቱታ እንኳ አሳድሪው አሉኝ።

"የኔ ጥፋት የእርስዎን አይሰርዘውም። ሁለቱንም ፈርመው ይቀበሉኝ" አልኳቸው።

ፈረሙ። ሳቂታዋ ወደ ወንበሯ ተመልሳለች። በበሯ ሳልፍ አሁንም እቀናለሁ፤ ቅናቴንና እጄን ግን አላምታታም ከእንግዲህ።

አባባን በእኔ ስም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ትልቁ ልጅሽ በርትቶ ያጥና፤ የትንሿን ጉንጮች ሳሚልኝ። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ፣ ባልዲ አታንሺ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ

ከመስኮቱ ሥር፣ ከድሮው ጠረጴዛዬ
ኅዳር ፲፯ ቀን