የካዝናውን በር ለከፈተ ሰው «የባንክ ልምድ የለህም» ላሉት ዳይሬክተር

ለተከበሩ የባንኩ የግዥና የውል አስተዳደር ዳይሬክተር፣
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሚቀመጡበት ወንበር ምቾት ዱዓዬን አቀርባለሁ። እኛ ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወልድያ መንገድ ዳር የምንሠራ ብረት ሠራተኞች አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ባንሆንም ይህንኑ በማስረጃ አስደግፎ ለማቅረብ የሚያበቃ ልምድ ስለሌለን፣ ደህና ናቸው ተብሎ ይመዝገብልን።

ስሜ ማህዲ ዘይኑልአቢዲን ይባላል። ሐይቅ ላይ የበር፣ የቁልፍና የካዝና ጥገና ሱቅ አለኝ። ባለፈው ጥር ለሰሜን ቅርንጫፎችዎ የካዝና በሮች ጥገና ባወጡት ጨረታ ተወዳድሬ ነበር። በየካቲትም «በባንክ ኢንዱስትሪ ከአምስት ዓመት ያላነሰ የሥራ ልምድ ስለሌላቸው» ከውድድር ውጭ መሆኔን የሚገልጽ፣ ፊርማዎ ያረፈበት መልስ ደርሶኛል። መልስ በማይሰጥበት አገር መልስ በመስጠትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህች «የባንክ ኢንዱስትሪ ልምድ» የምትባል ነገር ምን እንደሆነች ለማወቅ የደከምሁትን ድካም እነሆ በአደባባይ መጻፌ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው እንዳይደክም ብዬ ነው።

አንደኛ። ሳውዲ አረቢያ፣ ደማም ከተማ ላይ ሰባት ዓመት የባንክ ካዝናዎችን ከሚጠግን ድርጅት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፤ የድርጅቱንም ማስረጃ አስተርጉሜ አያይዤ ነበር። ነገር ግን ወደዚያ አገር የገባሁበት የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች፣ ባገኘሁት ቪዛ የተሠራ በመሆኑ ሙያዬን «የበግ እረኛ» ይለዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ በግ አልጠበቅሁም፤ የበላሁት ግን አለ። ኮሚቴዎ ሁለቱንም ወረቀት መርምሮ «አመልካቹ በእንስሳት እርባታ ዘርፍ ልምድ ያላቸው መሆኑን ተረድተናል» ሲል ጽፎልኛል። ባንኩ ወደፊት በጎች ማስቀመጥ ከጀመረ እንደማይረሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደውዬ የባንክ ልምድ ያለው ሰው ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሳችው ትሑት ወጣት «ከዚህ በፊት ከባንክ ጋር ውል የነበረው» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ውል የሚያገኘው እንዴት ነው?» ብላት «ልምድ ሲኖረው» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም የተቀጠርሁት በዘመድ ነው» አለችኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ካገኘኋቸው መልሶች ሁሉ ቀጥተኛው ይህ ስለሆነ፣ ልጅቷን ፈልገው እንዳይቀጧት አደራዬ ነው።

ሦስተኛ። ባንክ ውስጥ ሠርቼ እንደማላውቅ ለገለጹት፣ ባለፈው ኅዳር ውጫሌ ቅርንጫፍዎ ውስጥ የሆነውን ላስታውስዎ፤ ያልተነገረዎት ከሆነም ልንገርዎ።

የገበያ ቀን ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ገንዘብ ያዥዋ ሰሚሃ ኡበይድ ወደ ካዝናው ክፍል እንደገባች ከባዱ የብረት በር ከኋላዋ ተዘጋና መቀርቀሪያው ወደቀ። ሁለቱም ቁልፎች ተሞከሩ፤ እጀታው ዞረ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰሚሃ አስም አለባት። የምትስበው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዋ ደግሞ ውጭ፣ ወንበሯ ላይ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ታረቀኝ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ የደወሉት ልምድ ላለው ድርጅት ነበር። ድርጅቱም ቅጽ እንዲሞሉና ባለሙያ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚላክላቸው በአክብሮት ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የደወሉት። «ማህዲ ወንድሜ፣ በአላህህ ድረስልኝ፤ ሰው ተዘግቶብኛል» አሉኝ።

ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ስላልቻልሁ የጎረቤቴን ሞተር ተውሼ፣ ድሪሌን በጀርባዬ አስሬ ወደ ውጫሌ በረርሁ። ደርሼ በሩ ሥር ተንበረከክሁና «ሰሚሃ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልሁ።

«እሰማለሁ» አለች። ድምፅዋ በየመሀሉ ይቆረጣል። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሃያ። አብሽሪ። ከበሩ ሥር ተቀመጪ፣ በታች በኩል ትንሽ አየር አለ። ከእንግዲህ አታውሪ፤ ስጠራሽ አንዴ ብቻ አንኳኪልኝ።»

ሃያ ማለቴ ውሸት ነበር። እንዲህ ያለ በር ከአንድ ሰዓት በታች ተከፍቶልኝ አያውቅም። ሁለት የድሪል ፑንታ ተሰበረብኝ። በየጥቂት ደቂቃው ስሟን እጠራለሁ፤ እሷም ታንኳኳለች። አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ጠራሁ፤ ዝም አለች። ደግሜ ጠራሁ፤ ምንም የለም። አቶ ታረቀኝ ከነሱፋቸው ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የቀረውን ሥራ የሠራው እጄ ነው እንጂ እኔ በቦታው ነበርሁ ለማለት አልደፍርም። ከንፈሬ ዱዓ ሲያደርግ፣ እጄ ሲሰረስር፣ በመጨረሻ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ተላቀቀ።

ሰሚሃ ከንፈሯ ጠቁሮ በጎኗ ወድቃ ነበር። ባልደረቦቿ ወደ ውጭ አውጥተው መድኃኒቱን አፏ ላይ ያዙላት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ከሳበች በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ እኔን ስታይም «ሃያ ነበር ያልኸኝ» አለች። ክቡር ሆይ፣ በሰባት ዓመት የደማም ኑሮዬ ከተነገሩኝ ምስጋናዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አልሰማሁም።

አቶ ታረቀኝ በኋላ ትከሻዬን ይዘው «ወንድሜ፣ ነገሩ እዚሁ ይቅር፤ ዋናው መሥሪያ ቤት አይስማ» አሉኝ። ሰው ተርፎ ምን እፈልጋለሁ ብዬ እሺ አልሁ። ይህን የዋህነቴን ስላስተዉኝ ክቡርነትዎን አመሰግናለሁ።

ምክንያቱም መልስዎ ከደረሰኝ በኋላ፣ ያን ቀን መሥራቴን ብቻ የምትገልጽ የሁለት መስመር ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ወደ አቶ ታረቀኝ ሄጄ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው «ከጻፍሁልህ በሩ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው። በሩ ተበላሽቶ ነበር ካልሁ ለምን አላሳወቅህም እባላለሁ። ልጆች አሉኝ፣ ማህዲ» አሉ። አልተቀየምኋቸውም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ለክቡርነትዎ መዋሸት ነውር ስለሆነ፣ ተቀይሜያቸዋለሁ።

አራተኛ። ጨረታውን ያሸነፈው ያው ሦስት የሥራ ቀናት ያለው ድርጅት በሳምንቱ ደወለልኝ። «በአካባቢያችሁ ባለሙያ የለንም። ልምዱ የእኛ ነው፤ አንተ ሥራውን ብቻ ሥራልን» አለኝ። የባንክ ኢንዱስትሪ ልምድ ምን ማለት እንደሆነ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። ሥራውን ሌላ ሰው ሲሠራው የሚፈርም ሰው ማለት ነው። አልሠራላችሁም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሰሚሃ ይህን ሁሉ ስትሰማ በገዛ እጇ ጻፈች። «ኅዳር ላይ ከተዘጋሁበት ካዝና ከፍቶ ያወጣኝ ማህዲ ነው፤ ልምዱን የምትጠራጠሩ ከሆነ እኔን ጠይቁኝ» ብላ፣ ስሟንና ፊርማዋን አኑራ ለክቡርነትዎ ላከች። እኔ «ተይ፣ እንጀራሽን ታጫለሽ» ብላት «እንጀራ የሚበላው ትንፋሽ ሲኖር ነው» አለችኝ።

መልስዎ ለእሷ መጣ። የባንኩን ምስጢር ለውጭ ሰው ጥቅም በጽሑፍ በማውጣቷ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ሱቄ ድረስ ይዛው መጣችና ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ መፍቻ እያነሳሁ እጥል ነበር። ኋላ እንባዋን ጠርጋ ወረቀቱን ሰጠችኝና «እስኪ ሁለተኛውን አንቀጽ አንብበው» አለች። እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 12 ቀን በውጫሌ ቅርንጫፍ የካዝና በር በመበላሸቱ የውጭ ባለሙያ የሆኑት አቶ ማህዲ ዘይኑልአቢዲን በሩን ጠግነው የከፈቱት መሆኑ ቢታወቅም፣ እርስዎ ይህንኑ ያለ ፈቃድ በጽሑፍ በማውጣትዎ…»

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤው ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ክብ ማኅተም አለው፤ ከታቹም የክቡርነትዎ ስም አለ።

ዋናውን ሰሚሃ ለሠራተኛ ማኅበሩ ሰጠችው። ማኅበሩም የታፈነ ሰው መጮሁ ምስጢር ማውጣት የሆነበትን ደንብ እንዲያሳዩ ባንኩን ስለጠየቀና ደንቡ ስላልተገኘ፣ ማስጠንቀቂያው ባለፈው ሳምንት ተነሥቶላታል። ግልባጩን ግን በእሷ ፈቃድ እኔ ወሰድሁት። «የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ አንድ ገጽ» ብዬ ሌላ ባንክ ባወጣው ጨረታ ላይ አያያዝሁት። ትናንት ውሉን ፈረምሁ። የግዥ ኃላፊው እንደነገሩኝ ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ እንደ እርስዎ ደብዳቤ የሚታመን አልነበረም፤ ሊጠቅመኝ ተብሎ እንዳልተጻፈ ማንም አንብቦ ያውቀዋልና።

ለዚህ ውለታዎ እጅ እየነሣሁ፣ ሹመትዎ እንዲጸና፣ ብዕርዎም እንዲሁ ሳያስቡበት እንዲጽፍ እየለመንሁ፣ በማኅተምዎ ባለሙያ የሆንሁት
ማህዲ ዘይኑልአቢዲን
ሐይቅ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ታረቀኝ ዛሬ ጠዋት ደውለው፣ ልምድ ያለው ድርጅት የገጠመው አዲሱ መቀርቀሪያ እየያዘ አልላቀቅ ማለት እንደጀመረ ነግረውኛል። ሰው የተዘጋበት ከሆነ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ፤ ያለ ጨረታና ያለ ውል እመጣለሁ። የተዘጋበት ገንዘብ ብቻ ከሆነ ግን ሦስቱን የሥራ ቀናት ይጠብቅ፤ ገንዘብ አስም የለበትም።