ባለቀይ ባርኔጣዋ የት ትቀመጥ?

ሰኞ፣ ጥር 18

አሁንም በሩ ሥር ቀረች። ባለቀይ ባርኔጣዋን ማለቴ ነው። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ። ይህን የምጽፈው ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረጀ (የፊታችን እሑድ ባሌ የሚሆነው) ከወር በፊት ስልኬ ላይ አንድ ጨዋታ ጫነልኝ። ሰዎችን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ፍንጭ ይሰጥሻል፣ አስበሽ እያንዳንዱን በቦታው ታስቀምጫለሽ። ሦስቴ ከተሳሳትሽ እስከ ነገ ይዘጋብሻል። አርባውን ደረጃ እንደ ቆሎ ቆርጥሜ አለፍኩት። አርባ አንደኛው ላይ ተቸነከርኩ።

ሥዕሉ ሠርግ ነው። በአንድ ረድፍ የቆሙ አምስት ወንበሮች። በግራ ጫፍ ያለው ትልቅ ነው፣ የክብር ቦታ መሆኑ ያስታውቃል። በቀኝ ጫፍ ያለው በሩ ሥር ነው። እንግዶቹ ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ አንድ ወታደር፣ ቀይ ባርኔጣ ያደረገች ሴትና ጥቁር ካባ የለበሱ ጢማም ሽማግሌ ናቸው። ፍንጮቹ፦

ሙሽራው መሐል ላይ ነው።
ሙሽሪት ከሙሽራው ጎን ናት።
ሽማግሌው ከወታደሩ ጎን ናቸው።
ወታደሩ ጫፍ ላይ አይቀመጥም።
ባለቀይ ባርኔጣዋ በሩ ሥር አትቀመጥም።

በቃ ይኸው ነው። አምስት ወንበር! ሽማግሌውን ትልቁ ወንበር ላይ አደርጋለሁ፣ ቀጥሎ ወታደሩን፣ ከዚያ ሙሽራውን፣ ከዚያ ሙሽሪትን። የምትተርፈኝ ሴትዮዋ፣ የሚተርፈው ወንበር የበሩ። ስልኩ ይንቀጠቀጥና ስህተት ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር የምጫወተው የራሴን ሠርግ ላለማሰብ ነው። ዛሬ የእማዬ ወንድም ጋሼ ሙላት ስለ ዳሱ ሊነጋገሩ መጥተው ነበር። "የሙሽሪት ወላጆች መቀመጫ ላይ ማን ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እማዬ ከምትፈትለው ሱፍ ቀና እንኳ ሳትል "እኔ ከዚያ ሰውዬ ጎን አልቀመጥም፣ ጓዳ ነኝ" አለች። ያ ሰውዬ አባቴ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጥሎን ገጠር ራቤል ሄደና እትዬ ብርቄን አገባ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቤት ስወጣ የሁለቱንም ጉልበት ባንድ ቦታ ስሜ፣ አብረው መርቀውኝ መውጣት። አንዱን ዳስ ውስጥ፣ አንዷን ጓዳ ገብቼ አይደለም። ይህን ለእማዬ ፊት ለፊት መናገር ግን እስካሁን አልደፈርኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ደረጀ ደውሎ "አርባ አንድን አለፍሽ?" አለኝ። እሱ ካለፈው ከርሟል። ልንገርሽ ሲለኝ "ብትነግረኝ ሠርጉ ቀርቷል" አልኩት። "አምስት ሰው ማስቀመጥ ያቃታትን ሴት ከኔ ሌላ ማን ያገባታል?" ብሎ ሳቀብኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ራሴው መልሼ ደወልኩ፣ ሚዜዎቹ ስንት እንደሆኑ መጠየቅ ነበረብኝ።

አመሻሽ ላይ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ስልኩን አየች። "ሠርግ ነው እንዴ?" አለች። አስረዳኋት። እንዝርቷን አስቀምጣ ጎኔ ቁጭ አለች። ይህን ያህል ይማርካታል ብዬ አላሰብኩም። ጢማሙን ስታይ ወዲያው "ቄሱስ ከላይ ይሁኑ" አለች። ካሉበት መች አነሳኋቸው አልኳት። ወታደሩም ከሳቸው ቀጥሎ በመሆኑ ደስ አላት። ሙሽሮቹንም አልነቀፈችም። ሴትዮዋ ላይ ስትደርስ ግን ተቆጣች።

"ይቺ ምን በድላ ነው በሩ ሥር የምትጥያት? በዚህ ውርጭ!"

"ቦታ የለማ፣ እማዬ።"

"ሰው ከተስማማ ቦታ መች ይጠባል?"

ይህን የምትለው ማን እንደሆነች ልብ ይባል።

ሴትዮዋን መሐል አስገባናት፣ ሙሽራው ተገፋ፣ ስህተት። ወታደሩን ወደ በሩ ወሰድነው፣ ስህተት። ሦስተኛውን እማዬ በራሷ ጣት ሞከረች፣ እሱም ስህተት። ተዘጋብን። ጨዋታው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። እማዬ ደግሞ "ድሮስ ፈረንጅ የደገሰው ሠርግ ምን ሥርዓት አለው" ብላ ወደ ሱፏ ተመለሰች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ለእረፍት ከመውጣቴ በፊት በምሠራበት መድኃኒት ቤት የመጨረሻ ቀኔ ነበር። የሳል ሽሮፕ የጠየቀችኝን ሴትዮ የቁርጠት መድኃኒት ልሰጣት ምንም አልቀረኝ። እሷ ናት ያስተዋለችው፣ ሙሽራ መሆኔን ስትሰማ ይቅር አለችኝ።

ያልተጠናቀቀ፦ የዳሱ ሸራ። የሚዜዎቼ ጫማ። ጠላው ደርሷል፣ አረቄው ገና። ጠጅ ከማን? ከሰው ቤት የምንዋሰው ወንበር። የእማዬ ነገር።

አባዬ ደወለ። መጀመሪያ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ብርዱ አወራ። ነገር ሲከብደው እንዲህ ዙሪያውን ይዞራል። በመጨረሻ "ብርቄን ይዣት ልምጣ ወይስ ትቅር? እንዳታፍሪብን ብዬ ነው" አለኝ። ምን ይባላል? ይምጡ አልኩት።

ለእማዬ ነገርኳት። የእራቱን ሽሮ እያቀረበች "ትምጣ" አለች፣ "ድግስ ነው፣ የመጣ ይበላል። ግን አገር እያየኝ፣ እሷ ከሰውዬው ጎን ተንሰራፍታ፣ ያሳደግኩሽ እኔ ከጫፍ ልለጠፍ? አልችልም። ይቆጨኛል ልጄ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

እንዲህ ብላኝ አታውቅም። መጥፎነቴ፣ ማቀፍ ሲገባኝ ጮህኩባት። እኔስ የማን ልጅ ነኝ፣ ሁለት ቦታ ተቆርጬ ልዳር ወይ አልኳት። ሽሮዋን ይዛ ጓዳ ገባች። እኔ ሳልበላ ተኛሁ። ስልኩን አልነካሁትም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። እማዬ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላዋን እያወለቀች "ያቺን ሴትዮ አስገባሻት?" አለችኝ። እማዬ ይቅርታ አትጠይቅም፣ ስትታረቅ እንዲህ ናት።

ግድግዳውን ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን ጀመርን። ከእንግሊዝኛው አንድ በአንድ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሽማግሌው ላይ ስንደርስ "ለሳቸውስ ምን ይላል?" አለች።

"ከወታደሩ ጎን ናቸው ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ከላይ ይሁኑ የሚለውስ?"

ፈለግኩት። ደግሜ አነበብኩ። የለም። የትም የለም! አራት ቀን ሙሉ ማንም ሳያዘን ሽማግሌውን ትልቁ ወንበር ላይ ጎልተን፣ ሌላውን ሁሉ በሳቸው ዙሪያ ስናተራምስ ነበር።

"ማነው ከላይ ያስቀመጣቸው?" አልኳት።

"አንቺ ነሻ! እኔ ስመጣ ከላይ ነበሩ።"

እውነቷን ነው። ጢም ሳይ እጄ በራሱ ወሰዳቸው። ደግሞስ ቄስ መሆናቸውን ማን ነገረን? መስቀል አልያዙ፣ አልጠመጠሙ። ይህን ስላት "ቢሆኑስ?" አለች። በሩ ሥር እንሞክራቸው ስላት ደግሞ ደነገጠች። "በኔ እጅ አይሆንም። አንቺው አድርጊው፣ ኃጢአቱም ያንቺ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሽማግሌውን በሩ ሥር አስቀመጥኩ። ከጎናቸው ወታደሩን። መሐል ሙሽራውን፣ ከሱ ወዲያ ሙሽሪትን። የቀረው ትልቁ ወንበር ነው፣ የቀረችው ሴትዮዋ። አስቀመጥኳት። ስልኩ ርችት ተኮሰ። ሦስት ኮከብ!

እማዬ ዞር ብላ አየችና "ይኼዋ! ወንበሩ እንዴት አምሮባታል!" ብላ አጨበጨበች። ወዲያው ደግሞ "ምስኪን ሽማግሌ፣ ብርድ ሊመታቸው ነው" አለች። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ለደረጀ ፎቶ አንስቼ "ሠርጉ አልቀረም" ብዬ ላክሁለት።

ልቧ የተከፈተ መስሎኝ "እሑድስ፣ እማዬ?" አልኳት። ሳቋ ጠፋ። "እሱ ጨዋታ ነው። ሰው በጣት እየተገፋ አይቀመጥም" ብላኝ ገባች።

ዓርብ፣ ጥር 22

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ሽንኩርት ላይ ናቸው፣ ወንዶቹ ዳስ ላይ። ጋሼ ሙላት ለብቻዬ ጠርተውኝ ተማከርን። ወይ እማዬ ጓዳ ትቅር፣ አባዬም ከእትዬ ብርቄ ጋር ይቀመጥ። ወይ ጋሼ ሙላት በእማዬ ምትክ ከአባዬ በሌላው ጎን ይቀመጡ። ወይ ደግሞ እማዬ እንድትቀመጥ አንድ ሰው ሄዶ እትዬ ብርቄን ሌላ ቦታ ይቀመጡ ይበላቸው። ይህን ማን ይናገር? ጋሼ ሙላት "እንግዳን ተነሺ ማለት ነውር ነው፣ ከኔ አፍ አይወጣም" አሉ። ከኔም አይወጣም። አባዬማ ጭራሽ አይናገርም። እወደዋለሁ፣ ግን ነገር ሲከብድ የሚሸሽ ሰው ነው።

በቃ፣ ጋሼ ሙላት ይቀመጣሉ። እማዬን ጓዳ ገብቼ እሰናበታለሁ። ተወሰነ። አርባ ሁለተኛውን ደረጃ ከፍቼ ሳልጀምረው ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ፀጉር ቤት፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ልጅቷ ሙቀቱ መስሏት ቀነሰችልኝ።

አባዬና እትዬ ብርቄ ገቡ፣ ጋሼ ሙላት ቤት ነው ያረፉት። ሄጄ ሳምኳቸው። አባዬ ከስቷል። እትዬ ብርቄ አጭር፣ ዓይነ አፋር ሴት ናቸው፣ ነጠላቸው ውስጥ ገብተው ነው የሚያወሩት። ልጅ የላቸውም። ራሳቸው ከፈተሉት ሱፍ የተሠራ ባና አመጡልኝ። ከባድ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ልዩ ነው። ይዤው ቤት ስገባ እማዬ ዳበሰችው። ከየት መጣ አላለችም። "ፈትሉ ጥሩ ነው" ብቻ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ከደረጀ ቤት። ከቤታችን፣ ልበል መሰለኝ። እጄ ላይ ሂናው አለ። የእሑዱን ሳልረሳው ልጻፍ።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። ካህናቱ ከላይ፣ ሽማግሌዎቹ ቀጥለው። የወላጆች አግዳሚ ላይ አባዬ መሐል፣ እትዬ ብርቄ በግራው፣ ጋሼ ሙላት በቀኙ። ሙሽራው መጣ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። መውጫችን ደረሰና "ወላጆች ይመርቁ" ተባለ። ደረጀ እጄን ይዞ አግዳሚው ፊት ቆምን። እኔ ዓይኔን ከጓዳው በር ላይ መንቀል አልቻልኩም።

መጋረጃው ተገለጠ። እማዬ ሽርጧን ፈታ ወረወረችው። ከሥሩ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ቀኑን ሙሉ ለብሳው ነው የዋለችው! ሰው መንገድ ለቀቀላት፣ ቀጥ ብላ መጣች።

እትዬ ብርቄ አይተዋታል። ማንም ምንም ሳይላቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ሊሄዱ ሲሉ እማዬ ክንዳቸውን ያዘች። እናቴን አውቃታለሁ። አሁን ጉድ ሊፈላ ነው አልኩ።

"ወዴት ነሽ? ተቀመጪ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ "ሙላት፣ አንተ ተነሳ" አለች። ጋሼ ሙላት ብርጭቋቸውን እንደያዙ ዘለው ተነሱ። ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። እማዬ በአባዬ ቀኝ ተቀመጠች። አባዬ መሬት መሬቱን ያያል።

የእማዬን ጉልበት ሳምኩ። የአባዬን ሳምኩ። ሦስተኛውን ያሰበበት ሰው የለም። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸውን በነጠላ ሸፍነው "እኔ እኮ አልወለድኩሽም" አሉ በሹክሹክታ። እማዬ በአባዬ በኩል ተንጠራርታ "ሳሚያት፣ መሸብን" አለችኝ። ሳምኳቸው። አባዬ መመረቅ አልቻለም፣ እያለቀሰ ነበር። "ውለጂ፣ ክበጂ" ያለችው እማዬ ናት። ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው አሜን ያሉት እትዬ ብርቄ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ደወለች። እሑድ ከጓዳ መውጣቱ እንዴት ሆነልሽ አልኳት። "ሳምንቱን ሙሉ አልነሳ ብትል የምላትን ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት" አለች። "ተነሳች። ታዲያ ምን ልበል?"

አባዬ ውቂያ ስላላለቀለት ራቤል ተመልሷል፣ ሐሙስ ለመልሱ ይመጣል። እትዬ ብርቄም አብረው ሄዱ ወይ አልኳት። "እሷን አስቀርቻታለሁ። ለመልሱ ሰው ያስፈልገኝ የለም እንዴ? ወድጃት እንዳይመስልሽ።" ከኋላዋ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ጨው የት እንዳለ ሲጠይቅ ሰማሁ። እማዬ ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ "ከመደርደሪያው ላይ፣ ከጀርባሽ!" ብላ ጆሮዬን አደነቆረችው።

ከዘጋሁት በኋላ አለቀስኩ። ደረጀ ደንግጦ ምን ሆንሽ አለኝ። "እትዬ ብርቄ እኛ ቤት ሽንኩርት እየከተፉ ነው" አልኩት።