የታሸገው የሀያት ውጤት

ሐምሌ 11፣ ጠዋት 3፡20
ደም የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጁ፣ ለጥናቱ የተቀዳውን የልጆች ደም እያዞረ ነው። እስኪቆም ዐሥር ደቂቃ አለኝ፤ ላንተ ልጻፍ፣ ደብተሬ። ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ። መካነ ሰላም ጭቃ ብቻ። የአቀስታ መንገድ ተቆርጧል። ሚኒባስ ከገባ አራት ቀን።

ዛሬ አንዲት ልጅ መጣች። ሀያት፣ ዓመት ከአራት ወር። እናቷ ከድጃ ከከላላ አቅጣጫ አዝላት መጣች፣ በእግሯ። ትኩሳት። ሽንቷ ኢንፌክሽን ያሳያል። የሽንት ፊኛዋ ላይ ብቻ ነው ወይስ ኩላሊቷ ደርሷል? የምናጠናው ይህንኑ ነው። ኢንፌክሽን ኩላሊት ሲገባ ደም ውስጥ ከፍ የሚል ነገር አለ፤ ፕሮካልሲቶኒን ይባላል። ሌላው ማሽን ይለካዋል። እኔ የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ ቁጥሩን ፖስታ ውስጥ አሽጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ልጆቹን የሚያክመው ዶ/ር አያይም። ምርመራው የሚታመን መሆኑ ገና አልተረጋገጠምና ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም ሐኪም አያይም። ፈርሜያለሁ።

ቀን 6፡00
የሀያት ቁጥር ወጣ። ኩላሊት ተነክቷል ከሚያሰኘው መስመር በጣም በላይ። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ዶ/ሩ ግን ልጅቷ ጡት ትጠባለች፣ አታስመልስም፣ ፊኛዋ ላይ ብቻ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ አሰናብቷታል። ባየው ነገር አልተሳሳተም። ከድጃ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች።

"እህቴ፣ ደሟ ምን አለ?"

ገና ነው አልኳት። አብሽሪ ብዬ ሸኘኋት። ዋሸሁ።

ሐምሌ 12፣ ከሰዓት
ደሴ ላለው የጥናቱ አስተባባሪ ደወልኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጥሩ ለሐኪም ከተነገረ ሕክምናው ይለወጣል፣ ጥናቱ ይበላሻል፣ ወደፊት ለሚመጡ ልጆች የሚሆነውን ምርመራ እናጣለን አለ። ያንቺ ሥራ ደሙ ነው፣ ልጅቷ የሐኪሙ ናት አለኝ። ያሳመነኝ መሰለኝ። ስልኩ ሲዘጋ እንደገና ጠበበኝ። ከቤት ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ቤት። መንገዱ ቢከፈትስ የት እሄዳለሁ?

ሐምሌ 13፣ 4፡00
ፀሐይ! ካልሲዎቼን አሰጣሁ። ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ። የዶ/ሩን በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ሁለቴም ሰላምታ ብቻ። አሞሻል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ብርድ ነው አልኩት። ደብተሬ፣ አንተ ብቻ ታውቃለህ። ምን ይጠቅማል?

ሐምሌ 14፣ ከገበያ ተመልሼ
ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ከከድጃ መንደር የመጡ ሴት አገኘሁ፣ እማማ ዘሀራ። ስለ ሀያት ጠየቅኳቸው። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ሽሮፑም አልረጋላትም፣ ጡት እምቢ ብላለች አሉ። ጥርሷ ሊወጣ ነው ብለው ቤት ይዘዋታል።

"አላህ ያግራው፤ ጥርስ እንደሁ ያልፋል" አሉኝ።

ሽንኩርቱን የት እንደተውኩት አላውቅም። መሳቢያውን ከፈትኩ። ፖስታውን ቀደድኩ። ዶ/ሩ በሽተኛ እያየ ነበር፤ ገባሁበት። ወረቀቱን አነበበ።

"ሦስት ቀን ይዘሽው ነበር?"

አዎ አልኩ።

አምቡላንስ በዚያ ጭቃ አይወጣም። መንደሩ ኔትወርክ የለውም። እማማ ዘሀራ ሳይሄዱ ደረስኩባቸው፤ በቅሏቸውን ይሰጡናል፣ መንገዱንም ያሳዩኛል። ልንነሳ ነው።

ሐምሌ 15፣ ከሰዓት 10፡00
መንደሩ አድረን ማለዳ ይዘናት ወደ ሆስፒታሉ ወረድን። እናትና ልጅ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። የሀያት ዐይን ጎድጉዶ ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ተጀመረላት። አሁን ትንሽ ጡት ያዘች። ዶ/ሩ ትተርፋለች ይላል፤ ኩላሊቷ ላይ ጠባሳ ይቅር አይቅር ግን ገና ቆይቶ ነው የሚታወቀው።

ለከድጃ ሁሉን ነገርኳት። ውጤቱን በዚያው ቀን እንዳወቅሁ፣ እንደዋሸኋት። ልጇን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አስተባባሪው ደወለ። ያደረግሁትን ነገርኩት። ስለ ሥራሽ አስቢበት አለ።

አሰብኩ። የቀሩትን ፖስታዎች ሁሉ ከፈትኩ። እንደ ሀያት ቁጥራቸው ከፍ ብሎ በሽሮፕ የተሸኙ ሌሎች አራት ልጆች አሉ። ስማቸውን ለዶ/ሩ ሰጠሁ። ስልክ ያስመዘገቡት የሁለቱ ወላጆች ብቻ ናቸው፤ ደወልኩላቸው። የቀሩትን ሁለት ልጆች ነገ በእግሬ እፈልጋለሁ።