ሳይሄዱ የበሉበት መንደር

ለአብሮነት መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ ወልደንኪኤል
ሮማ

ግልባጭ፦ ለእድሩ አባላት በሙሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። መንገድ እንዳይበዛበት በብርቱ የሚጠነቀቁለት ጉልበትዎም ደህና እንደሆነ ተስፋ አለኝ። እኔ ሰብለወንጌል ነኝ፤ በእድሩ መዝገብ ተራ አባል፣ በሥራዬ ባዳንቴ፣ ማለትም የሰው አሮጊት አስታማሚ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው። በአደባባይ መጻፌም ምስጋና በጓዳ አያምርም ብዬ ነው።

የማመሰግንዎት ባለፈው መጋቢት በእድራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ «ሳንድልዊክ ስትሄዱ የት ትበላላችሁ?» ብለው ስላወጡት መመሪያ ነው። ሳንድልዊክ በእንግሊዝ አገር፣ ባሕር ዳር ያለች፣ በእግር ከዳር እስከ ዳር በሃያ ደቂቃ የምታልቅ መንደር ናት። ለእንዲህ ያለች ትንሽ መንደር ሦስት ምግብ ቤት መርጠው፣ ለእያንዳንዱ ኮከብ ሰጥተው፣ የትኛው ወንበር ላይ መቀመጥ እንደሚሻል ሳይቀር ስለነገሩን ልፋትዎ ቀላል አይደለም።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግር እንዳይለው ከሥሩ ልጀምር፤ እርስዎ ከማንም በላይ ስለሚያውቁት ይታገሡኝ።

ብርሃነ የእድራችን መሥራች ነበር። አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ በምንኖርበት ጊዜ ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለመጤ ሁሉ የኩዌስቱራውን፣ የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱን፣ ፎርም የሚሞላ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ሳወጣ ሦስት ቀን አብሮኝ ተሰልፏል። በእድሜ ቢበልጠኝም አንተ አንቺ የምንባባል ወንድሜ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ልጁ ሃርነት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስነት ወደምትሠራባት ወደዚያች መንደር ሄደ። ባለፈው መስከረም ደግሞ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት ሕመም ያዘው።

ጥቅምት ላይ እድሩ ተሰብስቦ ጠያቂ ይላክ ሲባል እጄን አውጥቼ እንደነበር ያስታውሳሉ። እርስዎ ግን ተነሥተው፣ እንግሊዝኛ እንደማልችል በትሕትና አሳስበው፣ ለወንድምዎ ልጅ ክርስትና ለንደን መሄድዎ እንደማይቀርና ከዚያ መንደሩ በባቡር ሦስት ሰዓት ብቻ መሆኑን አስረዱን። እጄን አወረድኩ። ሁላችንም አጨበጨብንልዎ።

ሲመለሱም ያቀረቡት ሪፖርት በቬርባሌው፣ በእድሩ ቃለ ጉባኤ፣ ተመዝግቦ ይገኛል። «ብርሃነ ፊቱ በርቷል፤ አራት ቀን አብረን በላን፤ ሁላችሁንም በስም እየጠራ ሰላም ብሏል» ይላል። በየካቲት ብርሃነ ሲያርፍም በአዳራሹ ተነሥተው እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ስለበላችሁት የበግ ወጥ፣ ባሕሩ ላይ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ስለበላችሁት ዓሣ፣ ብርሃነን ባየ ቁጥር ስለሚያቅፈው የናፖሊ ተወላጅ ተናገሩ። አዳራሹ አለቀሰ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። መመሪያውንም ያወጡት ከዚያ በኋላ ሰዎች «ወንድማችን የበላበትን እንይ» ብለው ስለለመኑዎት ነው።

በግንቦት ኣስገደትና እኔ ሄድን። ኣስገደትን ያውቋታል፤ እዚሁ ሮማ፣ ፕራቲ ሰፈር በአንድ ቤት ሠላሳ ዓመት ወጥ ቤት ሆና የሠራችው ናት። ዓይኗ ስለደከመ መመሪያዎን በትልልቅ ፊደል አሳተምንላት። ሐሳባችን ብርሃነ በተቀመጠበት ተቀምጠን፣ የበላውን በልተን፣ መቃብሩን ስመን ልንመለስ ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ «ሦስት መልሕቅ» ስለሚባለው፣ አምስት ኮከብ ስለሰጡት መጠጥ ቤት። በሩን ስናንኳኳ የታጠበ ልብስ በክንዷ የያዘች ሴት ከፈተችልን። ኣስገደት የቤቱ ስም ከአምስት ኮከቡ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ወረቀት አሳየቻት። ሴትየዋ አንብባ ሳቀች፤ ከዚያ እኛ አለመሳቃችንን አይታ አፈረች። በእጇም በጣቷም እያስረዳች የነገረችን፣ ቤቱ መጠጥ ቤት መሆኑን ከተወ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነው ነው። የእሳት ማንደጃውን ግን አስገብታ አሳየችን። የልጆች ጫማ ተደርድሮበታል። የበግ ወጡን በዚህ መኖሪያ ቤት ማን ሠርቶ እንዳቀረበላችሁ ስላልጠየቅናት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ በእንጨቱ ድልድይ ጫፍ ስላለው ዓሣ ቤት። ድልድዩን ማዕበል ከወሰደው ቆይቷል። የቀሩት ግንዶች ናቸው፤ በየግንዱ ላይ አንዳንድ ወፍ ቆሟል። ኣስገደት «ምናልባት ሌላ ድልድይ ይኖር ይሆናል» ብላ በዚያ ነፋስ የባሕሩን ዳር እስከ መጨረሻው አስኬደችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት በሚያማት ጉልበቷ ያን ሁሉ የሄደችው እርስዎን ከውሸት ለማዳን ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጣልያኑ ምግብ ቤት። ይህኛው አለ! ደስታችንን አይጠይቁን። ገብተን ካርቦናራ ፓስታ አዘዝን፤ ክሬም የማይገባበት ምግብ በወተት ክሬም ተለውሶ፣ እንጉዳይ ተጨምሮበት መጣ። ኣስገደት አማተበች። የናፖሊውን ሰው ብንጠይቅ፣ አዲሱ ባለቤት፣ ጣልያንኛ ከአሥር ቃል የማያልፍ ልጅ፣ በእነዚያው ቃላትና በጣቱ ሰውየው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሸጦ አገሩ መግባቱን ነገረን። ብርሃነ መንደሩን ከረገጠ ስድስት ዓመቱ ነበር። የብርሃነን ፎቶ አሳየነው፤ አይቶት አያውቅም።

በዚያ ምሽት ሃርነት ከሥራ ስትገባ ሁሉንም ነገርናት። እሷም ተገርማ «አባባ እነዚህን ቤቶች አያውቃቸውም። ከእንግዳው ጋር የበላው ከባሕሩ በላይ ያለው ካፌ ነው። እኔ ሥራ ስለነበርኩ አላገኘኋቸውም እንጂ፣ አራቱንም ማታ እየገባ 'እንግዳዬ መጥቶ ነበር፤ በልተን ጠጥተን ሸኘሁት' ይለኝ ነበር» አለችን። እንዴት እፎይ እንዳልን! «አሎራ፣ እንግዲያውስ ሊቀመንበራችን ስም ተሳስቶባቸው ነው» ተባባልን። ኣስገደትማ በሐሜት ኃጢአት ገባሁ ብላ ሳትተኛ ጸለየች።

በማግሥቱ ሃርነት ወደ ካፌው ወሰደችን። ስድስት ጠረጴዛ ያላት፣ መስኮቷ ባሕሩን የሚያይ ትንሽ ቤት ናት። ባለቤቷ ያረጀች፣ ጉንጯ ቀይ የሆነ እንግሊዛዊት፣ ሃርነትን ስታይ እጇን በፎጣ ጠርጋ ወጥታ አቀፈቻት። ስለ ብርሃነ ማውራት ጀመረች፤ ሃርነትም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ትተረጉምልን ጀመር።

«በጥቅምት አራት ቀን በተከታታይ መጣ ትላለች። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ። ከሮማ ትልቅ እንግዳ አለኝ አላት። የመስኮቱን ጠረጴዛ ለሁለት ሰው አዘጋጀችለት። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ምንም አላዘዘም ትላለች። ከዚያ...»

እዚህ ላይ አሮጊቷ መናገሯን ቀጥላለች፤ ሃርነት ግን አትተረጉምም። ኣስገደት «ምን አለች? ምን አለች የኔ ልጅ?» ስትል፣ ሃርነት ጠረጴዛው ላይ እያየች መለሰች።

«ማንም አልመጣም ትላለች። አራቱንም ቀን ብቻውን ሻይ ጠጥቶ፣ ጠረጴዛ ስለያዝኩብሽ ይቅርታ ብሏት ሄደ።»

ሦስታችንም ያዘዝነው ሾርባ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብለን አየነው።

ቤት ስንመለስ ሃርነት ከመሳቢያ የአባቷን ስልክ አውጥታ ሞላችው። የእርስዎ መልእክቶች እዚያ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ባቡር አምልጦዎታል። ሁለተኛው ቀን ዝናብ ነው። ሦስተኛው ቀን የክርስትናው ግብዣ ተራዝሟል። አራተኛው ቀን «ነገ በእርግጠኝነት» ይላል፤ በዚያ ነገ ግን ሮማ ገብተዋል። ብርሃነ ለሁሉም የመለሰው አንድ ነው፦ «አይዞህ፣ ነገም ቀን ነው።» ሐኪሞች ቀን የቆጠሩለት ሰው ነው እንዲህ ብሎ የጻፈልዎ።

አባቷ ለምን እንደዋሻት ጠየቅኳት። «የሱን ሰዎች እንዳልንቅበት ነው» አለችኝ።

አራተኛ፣ በእጅዎ ስለሰጠሁዎት ደብዳቤ። ብርሃነና እኔ ተኳርፈን ነበር። ከሮማ ሊሄድ ሲል በሰው ፊት «ለእንግሊዝ ዳቦ ብለህ ጣልከን» ብዬው፣ አውሮፕላን ማረፊያም ሳልሸኘው ቀረሁ። አምስት ዓመት አልደወልኩም። እሱም አልደወለም። እርስዎ ሊጠይቁት ሲሄዱ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ በእጅዎ ሰጠሁ። ሦስት ገጽ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ተመልሰው መጥተው እዚሁ ሮማ፣ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ከሰው መሀል ለብቻዬ ጠርተው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «አነበበው። አለቀሰ። ይቅር ብያታለሁ፣ ድሮም አልተቀየምኳት አለ። ድምፁ ስለሚደክም አትደውዪለት፤ ለፋሲካ እሱ ራሱ ይደውልልሻል።» እጅዎን ሳምኩ። ክቡር ሆይ፣ ያን እጅ ነው የሳምኩት። አልደወልኩም፤ እንዳይደክም። ፋሲካን ስጠብቅ የካቲት ላይ ሞተ።

በሃርነት ቤት የአባቷን ወረቀት ሁሉ አገላበጥን። ደብዳቤዬ የለም። የጻፍኩትን በቃሌ ነገርኳትና፣ ተቀይሞኝ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቱ አባቷን ትመስላለች፤ ሰው ዓይን እያየች ነው የምትናገረው።

«አዎ፣ ተቀይሞሽ ነበር። አልዋሽሽም። ከታመመ በኋላ ግን ስልክ በጠራ ቁጥር ከሮማ ነው ወይ ይል ነበር።»

ይህ እውነት ከእርስዎ ውሸት ይሻለኛል ብል እኔም ዋሸሁ። ሰባት ወር በእርስዎ ውሸት ላይ ተኝቻለሁ፤ ሞቃት ነበር። ለዚያም አመሰግናለሁ። መርዶ ሲመጣ እንኳ «ታርቀን ነው የሞተው» ብዬ እንባዬን በልክ ያፈሰስኩት በእርስዎ ቸርነት ነው።

ከመመለሳችን በፊት መቃብሩ ጋ ሄድን። ኣስገደትና ሃርነት ፈቀቅ ብለው ቆሙልኝ። ሦስቱን ገጽ ያስታወስኩትን ያህል ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ነፋሱ ስለሚበረታ መጮህ ነበረብኝ። መልስ አልሰጠኝም። ሙታን መልስ የሚሰጡት በእርስዎ አፍ ብቻ ነውና።

ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ቢሉኝ፣ ብዙ አላስቸግርዎትም። ደብዳቤዬን ጥለውት ካልሆነ ይመልሱልኝ፤ ከፍተው አንብበውት ቢሆንም ግድ የለኝም። በቬርባሌው የሰፈረውን ሪፖርት በራስዎ እጅ ያርሙት። መመሪያዎንም ያንሡና በምትኩ ይህችን ያውጡልን፦ ሳንድልዊክ የሚሄድ ሰው ከባሕሩ በላይ ባለው ካፌ ይብላ። ሾርባው ጨው ይበዛበታል፤ የሸርጣን ሳንድዊቹ ግን ደህና ነው። አሮጊቷ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ባዶ ጠረጴዛ ይዞ ቢቀመጥ አትቆጣም። ኮከብ አልሰጥም፤ መስጠቱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ሃርነት ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። «አባባ ሸፍኖላቸው ነበር፤ እኛ ልንገልጣቸው ነው?» ብላ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን የስልኩን መልእክቶች ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣቸዋለሁ።

በእርስዎ ቃል ሰባት ወር ሙሉ ተጽናንታ የኖረች፣ ከአሁን በኋላ ግን መጽናናቷን በራሷ እግር ሄዳ የምትፈልግ፣ ለክብርዎና ለወንበርዎ የሚገባውን ያህል አክብሮት ያላት፣

ሰብለወንጌል
ሮማ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኣስገደት ከትናንት ወዲያ ጉልበቷን ለመታከም ሆስፒታል ገብታለች። አባላት ተነጋግረን ጠያቂ መርጠናል፤ እርስዎ እንዳይደክሙ ብለን ነው። ምናልባት ሳይሄዱ ጠይቀዋት ከሆነ ግን፣ እንዴት እንዳገኟትና ምን አብራችሁ እንደበላችሁ ቢነግሩን ደስ ይለናል።