ለገሠን ያሰናበትኩት እኔ ነኝ

ውድ ኒቆዲሞስ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ መርየምና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አርባ ምንጭ ተመድበህ ከሄድክ ስምንት ወር ሆነህ። በየሳምንቱ “ቡድናችን እንዴት ነው?” እያልክ ስትጠይቀኝ “ምንም አይል” እያልኩ ሸኝቼሃለሁ። ዋሽቼሃለሁ፣ ወንድሜ። በስልክ ብነግርህ ወይ ትስቅብኛለህ ወይ ትጮህብኛለህ፤ ሁለቱንም ስለፈራሁ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ፈረስ መጋላ በሚገኘው የስልክ መጠገኛዬ ቁጭ ብለን ያንን የኮምፒውተር ቅርጫት ኳስ ቡድን ስናቋቁም ትዝ ይልሃል? ሰው “ኳሱን ማን ይጫወታል?” ሲለን ማስረዳቱ ያታክተን ነበር። እኛ ተጫዋች እንመርጣለን፣ እናሰልፋለን፤ ኮምፒውተሩ ያጫውትና የቁጥር ሠንጠረዥ ይሰጠናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሠንጠረዡን ማንበብ ነው። ረጅሙንና ዘገምተኛውን ተጫዋች በአባትህ በጋሽ ለገሠ ስም የጠራኸው አንተ ነህ። እሳቸው ሰምተው “እኔ በምን ዕዳዬ ነው የምሮጠው?” ብለው ሲቆጡ አብረን ሳቅን። መናኸሪያ ስሸኝህም “ሌላውን እንደፈለግክ አድርግ፤ ለገሠን ግን አደራ” አልከኝ።

አደራህን በላሁ።

ጓደኛችን ነስሮ ቤት በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምን ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ምርቃናው ሞቅ ሲል፣ ሠንጠረዡን ከፍቼ አሳየሁት። ዋናው አስቆጣሪያችን ቢላል በየጨዋታው ሃያ አራት ነጥብ፣ ለገሠ አራት። “አራት እኮ እኔም አስቆጥራለሁ” አለ ነስሮ። “ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ ጡረታ ይውጣ።” የሀገራችንን ሕግ ታውቀዋለህ፤ በምርቃና የታቀደ ነገር ሳያድር አይፈጸምም። እኛ ስንት ጊዜ ሐኪም ጋራ ላይ ፋብሪካ ተክለን መግሪብ ሳይደርስ አፍርሰናል! ስልኩ ግን እስከ ጠዋት አይታገስም። “አሰናብት” የሚለውን ተጫንኩት። ጠዋት ልመልሰው ስከፍት “ሐኪም ጋራ” የሚባል፣ ባለቤቱ ጥሎት የነበረና አዲስ አሰልጣኝ ያገኘ ቡድን ወስዶታል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ቢላል እንኳ ኳሱ እንቢ አለው። ከአሥራ ስድስቱ ቡድኖች መጨረሻ የወጣው ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ አሥራ ስድስተኛ ሆንን። ሦስት ዓመት የለፋንበትን ቡድን ይዤ ልወርድ ነው ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ከሠንጠረዡ ጋር ስጨቃጨቅ መርየም ሻይ እየቀዳች፣ “ለገሠ እያለ ቢላል ከአሥር ስንቱን ያስገባ ነበር?” አለችኝ።

“ይኼ ሂሳብ ነው፣ አይገባሽም” አልኳት።

አልተቆጣችም። የአፎቻዋን ነገር፣ የሰርግና የለቅሶ ማኅበራቸውን፣ አነሳችብኝ። “ሐዋን ታውቃት የለ? ለሰርግ ስንሰበሰብ ምን ሠራች ብትባል የምትቆጥርላት ነገር የለህም። እሷ የቀረች ቀን ግን ድስቱ ያራል፣ ሴቱ ይጣላል። ሰውየው ያስገባውን ብቻ ምን ያስቆጥርሃል? እሱ ሲገባ ሌሎቹ ምን እንደሚሆኑ ቁጠር።”

ሱቅ ገብቼ፣ ደንበኛ እያስጠበቅኩ፣ ያለፉትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ለገሠ ሜዳ ላይ ሲኖር ቢላል ከአሥር ሙከራ አምስቱን ያስገባል፤ ሲወጣ ሦስት። ለገሠ ሲገባ ቡድናችን በዘጠኝ ይመራል፣ ሲቀመጥ ተጋጣሚው በስድስት ይመራል። ሰውየው ለካ በዚያ ትከሻው ተከላካዩን እየያዘ ለቢላል መንገድ ይከፍትለት ኖሯል፤ ለዚህ ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ ዓምድ የለውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት ለእኔ ነው።

ወዲያው ለሐኪም ጋራ አሰልጣኝ ጻፍኩ። “ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ለገሠን መልስልኝ። የሰው አደራ ነው።”

መልሱ አልዘገየም። “እኔ ወንድምህ አይደለሁም። ቁጥር አንብቤ ያገኘሁትን ሰው በልመና አልመልስም። ስትመጣ ሽንኩርት ይዘህ ና።”

ለካ አሰልጣኙ መርየም ናት! ራሴ ጠግኜ በሰጠኋት ስልክ፣ እዚያው ቤቴ ውስጥ፣ ከጎኔ ተቀምጣ! እኔና አንተ ስናወራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰማን ኖራለች፤ አንድም ቀን ዞር ብለን “አንቺስ ምን ትያለሽ?” አላልናትም።

የመጨረሻው ጨዋታ ከእሷ ጋር ደረሰን። ካሸነፍን እንተርፋለን። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ በስልኳ እኔ በስልኬ፣ ልጆቹ ሁሉ በእሷ ወገን። ሰማንያ ስምንት ለሰባ አንድ ቀጣችን። ለገሠ ስንት አስቆጠረ መሰለህ? ሁለት ነጥብ።

ወርደናል፣ ኒቆ። ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። መርየም በሁለት እጇ አፏን ይዛ እንደዚያ ስትፍለቀለቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ! አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ያለ ጭንቅላት እንዳላት አለማወቄ ያሳፍረኛል። ማወቄ ደግሞ ደስታውን አልችለው አለኝ። ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንተን ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ለገሠ በደህና እጅ ነው ያለው፣ ከእኔ በተሻለ እጅ። ትናንት ሁለታችንንም ቡድኗ ውስጥ እንድታስገባን ለመንኳት።

“ኒቆዲሞስ ረዳቴ ይሁን” አለች። “ሰውየውን አደራ ያለው እሱ ነው፤ ሳይቆጥርም ቢሆን ያውቃል።”

“እኔስ?” አልኳት።

“ያንተን ቁጥር ገና እያየሁ ነው።”

ቁጥሩ እየታየ ያለው ወንድምህ፣
ሰዒድ
ሐረር