ከቀሚስሽ የተሠራው ሐውልት

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ ድንቅቱ፣

የጉደርን ዝናብ ኩዌት ድረስ መላክ ባልችልም ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽን የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ የወገብሽ ሕመም እንዴት ሆነ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነች። ባለፈው፣ “ውሌ አልቋል፤ ግን ባዶ እጄን ምን ብዬ አገሬ እገባለሁ? ሰውስ ምን ይለኛል?” ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። መልሱን በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ቶሎ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እንዳታለቅሺ ስል እዋሻለሁ። ስለዚህ ወደዚያ ለምትመለሰው ለሃዋኒ ይህን ወረቀት ሰጠኋት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለልጄ ለለንሳ የላክሽላትን ወርቃማ ቀሚስ ቆራርጬዋለሁ። አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ትምህርት ቤታቸው ለወላጆች ቀን አንድ የልጆች ተረት በቴአትር ሊያሳይ ተነሣ። ተረቱ በወርቅ ተለብጦ፣ በዕንቁ አጊጦ፣ ከከተማ በላይ ስለቆመ ሐውልት ነው። ሐውልቱ የድሆቹን ችግር እያየ አላስችለው ሲል ወርቁንና ዕንቁውን በአንዲት ወፍ እየላከ ያድላቸዋል። በመጨረሻ መለመላውን ሲቀር ሹማምንቱ ከተማችንን አሰደበ ብለው ያፈርሱታል። ሐውልቱን እንድትሆን ለንሳ ተመረጠች።

እኔ ልብስ ሰፊው አባቷ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ልሸፍናት ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን ቀሚስሽን አምጥታ መቀሱን ሰጠችኝ። እጄ እንቢ አለ፤ ለዚያ ቀሚስ ስንት ወለል እንዳጸዳሽ አውቃለሁ።

“አባዬ፣ ሐውልቱ እኮ አክስቴን ነው የሚመስለው። በወረቀት ብናደርገው ውሸት ይሆናል” አለችኝ።

የጆሮ ጌጥሽን ሸጠሽ ስፌት እንዳስተማርሽኝ የነገርኳት እኔው ነኝ። ቀሚሱን ቅጠል ቅጠል አድርጌ ቆረጥኩና ከጆንያ በተሠራ ቀሚስ ላይ፣ ሲስቡት እንዲላቀቅ በላላ ክር ሰፋሁት። በሙያዬ ሆን ብዬ ልል ስፌት ስሰፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በዕለቱ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያይም ነበር። ለንሳ ሣጥን ላይ ወጥታ ስትቆም ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ወፏ የሆነችው ልጅ ወርቁን አንድ በአንድ እየነቀለች ወሰደችና ጆንያው ብቻ ቀረ። ልጄ ግን ዓይኗን ሳታርገበግብ ቆመች። ሹማምንት የሆኑት ልጆች “ይፍረስ” ሊሉ ሲወጡ፣ የወፍጮ ቤቱ ኦቦ ፈይሳ ከፊት ወንበር ተነሡ። ቴአትር መሆኑን ጭራሽ ረስተውታል። መድረኩ ላይ ወጥተው ጋቢያቸውን አለበሷትና፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰጥቶ የተራቆተ ሰው እኛ አገር አይፈርስም” አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጥ? ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን እየያዙ ተሰለፉ፤ ልጄ ፊቷ ብቻ እስኪታይ ድረስ ተከመረባት። አስተማሪው ገና አላለቀም እያለ ቢለምንም የሰማው የለም፤ የማፍረሱ ክፍል ሳይታይ ቀረ። እትዬ፣ በዚያች ልጅ የተሰማኝን ኩራት ብነግርሽ አታምኚኝም። በማግስቱ ጋቢውን ልመልስ ብሄድ፣ ኦቦ ፈይሳ አልቀበልም አሉ። ለንሳ ሐውልቱ አክስቴ ናት ብላ ነግራቸው ኖሮ፣ እንግዲያው ጋቢው የእሷ ነው አሉኝ። ሰው ምን ይለኛል ላልሽው የጉደር ሰው መልስ ይኸው ነው።

ባለቤቴን ቢፍቱን በጣም ናፍቀሻታል። ለንሳ ስለ ቀሚሱ ይቅርታ ብላ ጉንጭሽን ስማለች። ጎረቤታችን ምትኩም ሰላም ብሎሻል። እማዬን “ምን ብዬ ልጻፍላት?” ብላት፣ “ሰላምታ በወረቀት አልልክም፤ ራሷ መጥታ ትሳመኝ” አለችኝ።

ወንድምሽ ገመቺስ
ጉደር፣ ሐምሌ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.