ከሞትክ በኋላ የሰፋሃቸው ቀሚሶች

ሰይዴ፣ የሀያት አባት፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።

ከተለየኸን ወዲህ ሦስተኛው ረመዳን ሊገባ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሌላ መንገድ ግን አልተዉልኝም። እዚህ ዐረብ አገር ሴት መቃብር አትሄድም ተብዬ፣ ደማም ከተማ ውስጥ የት እንዳስተኙህ በዓይኔ አላየሁም። ወንዶቹ ይዘውህ ሄዱ፤ ሲመለሱ ጫማቸው ላይ አሸዋ ነበረ። ከቀብርህ ያየሁት ያንን ብቻ ነው። ለዚህ ይሆናል አንዳንዴ የሞትክ የማይመስለኝ። ደግሞም አንተ ከሞትክ በኋላ ልብስ መስፋት አላቆምክም። አትደንግጥ፣ ከሥሩ ልንገርህ።

አል ባዲያ ሰፈር ያለችው ክፍላችን እንዳለች ናት። ማቀዝቀዣው ውኃ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጫለሁ። የስፌት መኪናዬን ወደ ጓዳዋ አስገብቼዋለሁ፤ የጨርቁ ብናኝ ሀያትን ስለሚያስላት በሩን ዘግቼ ነው የምሰፋው። ልጅህ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ከየመኖቹ ጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር በዐረብኛ ትጣላለች፣ በአማርኛ ታለቅሳለች።

የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ ላይ «ኸያጥ» ይል ነበር፤ ልብስ ሰፊ። ሱቅ ውስጥ ግን ሥራህ መተኮስና ቁልፍ መትከል ነበር። ኮምቦልቻ ቅድና ስፌት ተምሬ የተመረቅሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከማዳም ቤት በመውጣቴ ጠፍታለች ተብዬ ሁሩብ የተመታብኝ ሴት ነኝ፤ ወረቀት የለኝም። ስለዚህ እኔ የሕፃናቱን ልብስ እቤት ሰፋሁ፣ አንተ ወደ ሱቅ አደረስክ፣ ባለ ሱቁ የአገርህ ልጅ ጀማል ሸጠ። ደንበኞቹ ሰፊው አንተ እየመሰልካቸው ያመሰግኑህ ነበር። አንድ ቀን እየሳቅህ ገባህና «እጅህ ይባረክ አሉኝ፤ የትኛውን እጄን እንደሆነ ግራ ቢገባኝ ሁለቱንም ኪሴ ከተትኳቸው» አልከኝ። ያኔ አብረን ስንስቅበት አልከበደኝም። ኒስፍ አልቀመር ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ልንሄድ ለሀያት ሱሪ ልስፋ ብለህ፣ ሁለቱንም እግር የግራ አድርገህ የቆረጥክ ቀንም ስቀናል። ልጅቷ አሸዋው ላይ ወደ ጎን ስትሄድ «ፋሽኑ ነው» ብለህ ተከራከርከኝ።

ከዚያ ከኮባር ከተማ ጨርቅ ይዘህ ስትመለስ የተሳፈርክበት ታክሲ ተጋጨ። ጨርቁ ምንም ሳይነካው ደረሰኝ።

ዒዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ ከቤት አትወጣምና እኔም አልወጣሁም። ዓይኔ እያበጠ ልጅ ማብላት ስላለብኝ ግን መስፋቱን አላቆምኩም፤ የሰፋሁትን ጎረቤቴ ለጀማል ታቀብለዋለች። እሱ ታዲያ እኔ በሌለሁበት ለደንበኞቹ «ሟቹ ሰፍቶ የተወው ነው» ይላቸው ጀመር። ሴቶቹ እያለቀሱ ገዙ። ዒዳዬን ጨርሼ ሱቅ ሄጄ ስጠይቀው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ተይ እንጂ ዘይነብ፣ ሙሽኪላ አትፍጠሪ። የሙት እጅ ይወደዳል። ነው ወይስ ኢቃማ የሌላት ሴት ናት የሰፋችው ልበላቸው?» አለኝ።

ሱቁን ለቅቄ ተመለስኩ። ጥፋተኛ ሆኜ አይደለም፤ ልጄን ታቅፌ ነበር፤ ቢያሲዘኝ እሷን ማን ያሳድጋታል?

ኮባር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር የምትኖረውን ኡም ፈይሰልን ታውቃታለህ፤ ትልቋ ደንበኛችን። አንተ ከሞትክ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። የዚያች ልጅ ልክ በጀማል በኩል ተላከልኝና ሰፋሁላት። ኡም ፈይሰል ቀሚሱን አገላብጣ አይታ «ይኼ ሰውዬ ስንት ሣጥን ሞልቶ ነው የሞተው? ያልተወለደችውንስ ልጄን በምን ለካት?» ብላ ጀማልን ጠየቀችው። እሱ የመለሰላትን ራሱ እየሳቀ ነገረኝ፦ «እሱ ቆርጧቸው የተዋቸው ናቸው፤ ሚስቱ እያሰፋችና እያጠበበች ቁልፍ ትተክላለች።»

ቁልፍ፣ ሰይዴ! እንደ እብድ ሳቅሁ። እቤት ስደርስ መቀሱን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት።

ንዴት ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ቀስ እያልክ ግን ወደ ጓዳዋ ገባህ። አንገትጌ ስዘመዝም ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ስትስል እሰማሃለሁ። የሚያስፈራኝ አንተ መሆንህ አልነበረም፤ የሰፋሁትን ልትወስድ የመጣህ መምሰልህ ነበር። በሕይወት እያለህ አንዲት ክር ወስደህብኝ የማታውቀውን ሰው፣ ሞተህ እንደ ሌባ እጠብቅህ ጀመር።

ባለፈው ረመዳን ገርገዓን ደረሰ፤ እዚህ በወሩ አጋማሽ ሕፃናት አጊጠው ከቤት ቤት ከረሜላና ለውዝ የሚለቅሙበት ቀን። ሥራው በዝቶብኝ ቀይ ጥልፍ ቀሚስ ቁልፍ ሳልተክልለት ትቼ ልሰግድ ወጣሁ። ስመለስ የመጀመሪያው ቁልፍ ተተክሏል። ክሩ የቁልፉን አራት ቀዳዳ በሰያፍ አቋርጧል፤ አንተ እንደምትተክለው። ክሩ ተጎትቶ ጨርቁን አጨማዶታል። ቢስሚላህ አልኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ወጥተህ ሂድ» ብዬ ጮኼብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ጩኸቴን ሰምታ ሀያት መጣች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታለች። አውጥቼ ሳየው መርፌ ወግቷታል።

«አባዬን አገዝኩት» አለችኝ። «ሁልጊዜ ብቻውን ይሰፋል። ይደክመዋል።»

ሱቅ ስንሄድ ሴቶቹ ቀሚሶቹን እያሳዩ «ያባትሽ ሥራ ነው» ይሏታል። ከሰዓት በኋላ ስትተኛ በተዘጋው በር በኩል መኪናው ሲሰፋ ይሰማታል። እኔም «አባዬ ሄዷል» እንጂ «ሞቷል» ብያት አላውቅም። መቃብር አላየችም። የቁልፉን አተካከል ከአሮጌ ቀሚሷ ላይ አይታ ነው የቀዳችው። «አልተኛም ብለሽ ስትነሺ እኔ የት ያለሁ ይመስልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ውስጥ ነሽ። ለአባዬ ክር ታቀብይዋለሽ» አለችኝ።

የዚያን ቀን ወሰንኩ። ጀማል ስሜን ቢወስድ አንድ ነገር ነው። ልጄ እናቷን የክር አቀባይ፣ አባቷን ደግሞ ዕረፍት የማያገኝ ሰው አድርጋ እንድታድግ ግን አልፈቅድም።

ታክሲ ተሳፍረን ዐቅረቢያ ኡም ፈይሰል ቤት ሄድን። ሳሎኗ ምንጣፍ ላይ ጨርቁን ዘረጋሁ፤ ትንሿን ልጇን ለካሁ፤ በእሷም በሀያትም ፊት ቆረጥኩ። ኡም ፈይሰል የቆረጥኩትን አንስታ እያየች «ያ ሁሉ ያንቺ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ እንደ መቆጣት ብላ «እኔ እኮ ልጄ በለበሰችው ቁጥር ለባልሽ ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምኩት!» አለች።

«ዱዓውን አታቋርጪ» አልኳት። «ቀሚሱን ግን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። «በይ ተቀመጪ እንግዲህ» አለች፤ «ያለፈው ቀሚስ ክንዱ ጠቧታል። ሟቹን መውቀስ ከብዶኝ ዝም ብዬ ነበር።»

ጀማል ሲሰማ ደወለ። «ሁሩብሽን ረሳሽው እንዴ?» አልረሳሁትም። ከዛሬ ነገ ያዙኝ እያልኩ ነው የማድረው። ኹሩጅ መትተው ካገር ቢያስወጡኝ ሙያዬን ከእጄ ላይ አይፈቱትም፤ ይህንኑ ነግሬ ዘጋሁበት። አሁን ለኡም ፈይሰልና ለእህቶቿ እኔው ራሴ እወስዳለሁ።

የከበደኝ ግን ሌላው ነበር። የዚያን ቀን ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሀያት «ታዲያ አባዬ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«ምንም አይሠራም። አባዬ ሞቷል፣ ሀያት።»

በአላህ ምዬ እነግርሃለሁ፣ የዚያን ዕለት ዳግመኛ ቀበርኩህ። በዚህኛው ግን እኔም ነበርኩ። ልጅህ ደማም እስክንደርስ መስኮቱን ስታይ ቆየችና «አሁን አይደክመውም ማለት ነው?» አለች። አይደክመውም አልኳት። ከዚያ አለቀሰች፤ በአማርኛ።

ስትስል አሁንም አልፎ አልፎ እሰማሃለሁ። አልጮህብህም። ሀያት ለገርገዓን የምትለብሰውን ነገ እጀምራለሁ። ማን ሰፋልሽ ሲሏት «እናቴ» ትላለች። አባትሽስ ሲሏት ሙሉ ስምህን ትጠራለች፤ መሞትህንም ትናገራለች። እኔም እስካለሁ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ አንተን ራስህን እንጂ የሰው ሥራ ጭኜብህ አላስታውስህም። በቃ፣ ሰይዴ። እዚህ የሚጠብቅህ ሥራ የለም። እረፍ።

የሀያት እናት፣ ዘይነብ